ፀሐይ የሞቀች ጀልባ

ህሩይ በየማለዳው ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለችው ሱቁ ደጃፍ ከበሮ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያስቀምጥና፣ ቆዳው ሞቆ ሲወጠር በጣቱ ይኮረኩመዋል። የአድባራቱ ከበሮ ሲሰነጠቅ ወይም ድምፁ ሲታፈን ወደ እሱ ይመጣል። እንጨቱ የት ጋ እንደታመመ በድምፁ ይለያል።

ጎርጎራ ላይ አሮጌ የሸራ ጀልባ እንደምትሸጥ የሰማ ቀን ይህ ሰው እንቅልፍ አጣ። ጣና ዳር ወዳሉት ገዳማት ከበሮ ባደረሰ ቁጥር የሰው ጀልባ ሲለምን ነው የኖረው። ሚስቱ ስንዱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዋና እንኳ አትችልም» ብትለው፣ «ከበሮስ መች ዋና ተማረ? ይንሳፈፋል እንጂ» አላትና በመጀመሪያው መኪና ወረደ።

ሻጩ አያ የሻው የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ጀልባዋ ሰማያዊ ቀለም በቅርቡ ተቀብታለች። ህሩይ ሸራዋን ዘርግቶ፣ እንደ ፍየል ቆዳ ወደ ፀሐይ ይዞ ቀዳዳ ፈለገ፤ አጣ። ገመዱን ጎተተ፣ ምሰሶውን ነቀነቀ። ሁሉም ሸጋ ነው። ሆዷን ሲያንኳኳ ግን ከዳር እስከ ዳር ድምፅ አልነበራትም። እርጥብ እንጨት አይናገርም። ስለዚህ ወጥታ ትድረቅልኝ አለ። ወደ ሰርግ ሊሄዱ የቸኮሉት አያ የሻው ነገሩን በቅጡ ሳይሰሙ እንዳሻህ አሉት።

ከቀናት በኋላ ከሰርጉ ሲመለሱ ጀልባቸው ሜዳ ላይ ተሰጥታ ጠበቀቻቸው። ሳንቃና ሳንቃው ተለያይቶ በመሃሉ ጣት ይገባል።

«ምነው? ምን በደልኩህ? ከበሮ ፀሐይ ሲያገኝ ይጠብቃል፣ ጀልባ ግን ትላቀቃለች። እንግዲህ ካልገጠመች ያንተው ናት፤ ዋጋዋን ከፍለህ ማገዶ አድርጋት!» አሉት አያ የሻው።

ህሩይ አንገቱን ደፋ። ጀልባዋን ገፍተው ዳር ላይ፣ ድንጋይ ጭነው አሰመጧት። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ ይገጥማል፤ ተስፋው ይኸው ብቻ ነበር። ህሩይ ዘመድ ቤት አድሮ በጠዋት በጠዋት እየሄደ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ስንጥቁን በጣቱ ይዳስሳል። ስንጥቁ ጠበበ፤ ቆይቶም ጥፍር እንኳ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ድንጋዩን አውርደው ውኃውን ቀዱላትና ተንሳፈፈች። ህሩይ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ሆዷ ደረቅ ነው፤ ምሰሶው እግር ሥር ካለች አንዲት ቦታ በቀር። እዚያ ውኃው ይንቆረቆራል። ህሩይ ቀለሙን በቢላ ፋቀው። ከሥሩ ሙጫ ተጠቅጥቋል፤ ከሙጫው ሥር ያለው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ ፈረሰ።

አያ የሻው ወደ ሐይቁ እያዩ፣ «ይቺን እንኳ አላየኋትም» አሉ።

«አያ የሻው፣ ቀለሙን የቀባው ማን ነው ታዲያ?»

ዳር የቆሙት አስጋሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ሽማግሌውም ጥቂት ታግለው ሳቁ። የታመመችው አንዲት ሳንቃ ብቻ ናት፤ የቀረው አካሏ ጤነኛ መሆኑን ውኃው ራሱ መስክሯል። ህሩይ ደስታውን መደበቅ አቅቶት እዚያው እጃቸውን መታና በግዢው ተስማሙ፤ የአዲሱን ሳንቃ ዋጋ አያ የሻው ይከፍላሉ፣ ሥራው የህሩይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ህሩይ ከሱቁ ሰፈር የመረጠውን ሳንቃ አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ወደ ጎርጎራ ይወርዳል።