የአክስቴ ሙቀጫ

ዛሬ ስብሰባ ላይ የሌዘር ቀይ ነጥብ ግድግዳው ላይ ሳይ፣ ጎንደር ገበያ ኩል ትሸጥ የነበረችው አክስቴ ዘሀራ ትዝ አለችኝ።

ለጥምቀት ልትሸጣቸው ካመጣቻቸው የመጫወቻ ሌዘሮች አንዱን ልጇ ጀማል ወስዶ፣ ከጓደኛው ጋር "ማን ሳይጨፍን ይቆያል" ሲባባሉ ጓደኛው ዓይኑ ውስጥ አበራበት። ከዚያ ወዲያ የሚያየው ሰው ሁሉ ፊቱ መሃል ጥቁር ነጥብ ያለበት ይመስለው ጀመር። አክስቴ እንደ ልማዷ ኩል ኳለችው። በኋላ የወሰደችው ሐኪም ግን "ጠባሳው ከውስጥ ነው፤ ኩል አይደርስበትም" አላት።

በማግስቱ የቀሩትን ሌዘሮች ኩል በምትወቅጥበት ሙቀጫ ከታ፣ ገበያተኛው እያየ አደቀቀቻቸው።

"ምነው ዘሀራ፣ በዓሉ ሳይደርስ?" አሏት ጎረቤቷ።

"እኔ የምሸጠው ዓይን የሚያሳምር እንጂ የሚያጠፋ አይደለም" አለች፣ ዘነዘናውን ሳታሳርፍ።

ስብሰባው ላይ ተናጋሪው ሌዘሩን እንደያዘ እያወራ ሲዞር ነጥቡ ከግድግዳው ወርዶ ወደ እኛ መጣ። ሳላስበው አጠገቤ የተቀመጠችውን የማላውቃትን ሴት ዓይን በመዳፌ ሸፈንኩ።