ክቡር ሚኒስትርና የመረቡ ቀዳዳ

አውሮራ ከተማ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ከእኔ ቀድማ የገባች የአገሬ ልጅ ክፍሎቹን እያዞረች አሳየችኝ። የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ካለው በር ስንደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ ያሉት እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሚኒስተር ነበሩ» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ሚኒስትር? የየትኛው መንግሥት?»

ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! እዚህ አገር ሚኒስተር ማለት ፓስተር ነው። ቻርታቸው ላይ ሪታየርድ ሚኒስተር ይላል። ምሳ ላይ ጸሎት የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው፤ ቆይ ታያለሽ፣ አንቺንም ብለስ ያደርጉሻል።»

አላመንኳትም። እኔ አንዴ በልጅነቴ የገባኝ ቃል በቀላሉ አይወጣልኝም። ሚኒስትር ማለት ጥቁር መኪና የሚነዳለት፣ ሲገባ ሰው ብድግ የሚልለት፣ ከዚያ አንድ ቀን በሬዲዮ ተሽሮ ጎረቤት የሚሸሸው ሰው ነው። ሰፈራችን አንድ ነበር። ከተሻረ በኋላ ዳቦ ሊገዛ ብቅ ሲል፣ ሰላም እንዳንለው ሁላችንም ጎንበስ ብለን የጫማችንን ክር እናስር ነበር።

በማግስቱ ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ቀጥ ብዬ ቆምኩና በአማርኛ «ክቡር ሚኒስትር፣ እንደምን አደሩ» አልኩ። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «ከየትኛው መንግሥት ሸሽተው ነው የመጡት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሚኒስትር የነበረ ሰው ካልሸሸ በቀር አውሮራ ምን ይሠራል?

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠዋት ጠዋት ከክፍላቸው ሳይወጡ እንኳ ከረቫት የሚያስሩ ሽማግሌ ነበሩ።

«ከመራጮች» አሉኝ።

ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ ሰጠኋቸው። ማን እንደነገረኝ ጠየቁኝ። ማንም አልነገረኝም፣ በእኛ ቋንቋ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው አልኳቸው። «እንዴት ያለ አስተዋይ ቋንቋ ነው» አሉና አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው አመለከቱኝ።

ሙሉ ሚኒስትር ነበሩ ወይስ ሚኒስትር ዴኤታ ብዬ አጣራሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ቸልተኛ አይደለሁም። ሥራቸውን ሲያስረዱኝ ዴኤታ እንደነበሩ ገባኝ። «ግድ የለም፣ እዚህ እኔ ሾሜዎታለሁ» አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።

ታሪካቸውን፣ ልብስ ሳለብሳቸው፣ ጢማቸውን ስላጭ፣ በየቀኑ ቁራሽ ቁራሽ ነገሩኝ። የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጅ ናቸው። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ ወንድማቸውም ዓሣ አጥማጅ። እሳቸው ተማሩና አስተማሪ ሆኑ፤ ከዚያ የአባታቸው ወዳጆች መርጠው ምክር ቤት ላኳቸው። ዓመታት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በመጨረሻ የዓሣ ሀብት ሥራ ተሰጣቸው። ባሕሩ እየተራቆተ ስለነበር የመረብ ቀዳዳ እንዲሰፋ፣ ትንንሹ ዓሣ አምልጦ እንዲያድግ የሚያዝ ሕግ አወጡ። ስንት ያህል እንዳሰፉት ሁልጊዜ በጣታቸው ያሳዩኛል፤ አንድ ጣት ያህል ነው። የአንድ ሰው ዕድሜ ሥራ አንድ ጣት ያህል ቀዳዳ ነው ብዬ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

አዲሱ መረብ ሲመጣ ብዙ ሰው ጀልባውን ሸጠ። ከሻጮቹ አንዱ ወንድማቸው ነበር። በሚቀጥለው ምርጫ የገዛ ከተማቸው ጣለቻቸው። «ወንድሜም አልመረጠኝም» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ራሱ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልነገረኝም።»

ሹፌራቸው ዕቃቸውን ቤት አድርሶ ሄደ፤ ስልኩም ዝም አለ። የተሸነፈ ሰው ወደ ምክር ቤቱ ተመልሶ የመሰናበቻ ንግግር አያደርግም። ሕጉን ለምን እንዳወጡ የሚሉት ነበራቸው፤ ሳይሉት ቀሩ። እዚያ ምክር ቤት ጭብጨባ የለም፣ ሐሳቡ የተስማማው ሰው «ይሰማ፣ ይሰማ» ነው የሚለው ብለውኛል።

ታዲያ ፓስተር እንዴት ሆኑ? ሚስታቸው ሲሞቱ እዚሁ አቅራቢያ ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ወደዚህ አመጣቻቸው። በገቡ ሳምንት አንዲት አሮጊት እጃቸውን ይዘው፣ ሚኒስተር መሆንዎን ሰማሁ፣ ለባለቤቴ ይጸልዩለት ብለው አለቀሱ። «ምን ልበላት? ስለ ዓሣ ልንገራት?» አሉኝ። ጸለዩላቸው። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። ልጃቸውም ስሕተቱን ለቢሮው አንዴ ነግራ፣ አባቷ ሲስቁ ስታይ፣ ያከብሩት የለ፣ ምን ቸገረው ብላ ተወችው።

እኔን ግን ቸገረኝ። እልኸኛ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ ግሌንዴል አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ ለብቻዬ እኖር ነበር። በግድግዳው ወዲያ የሚያስነጥሰውን ሰው ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቀውም። ልጄ ሴንቴኒያል የሚባል ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ እሑድ ስደውል የልጅ ልጄ ስልኩን ተቀብሎ «አይ ላቭ ዩ፣ ባይ» ይለኛል፤ ያው ነው። ሥራ ቦታ ስሜን ለአፋቸው እንዲመች ቆርጠውት፣ ቆርጠው የሰጡኝን ራሴ በስልክ ስናገረው ሰምቼ ደንግጫለሁ። ብቸኝነቱ ይበላኝ ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከዚያ ክፍል ስገባ ግን ሽማግሌው ስሜን ሳይቆርጡ፣ ምላሳቸው እየተንገዳገደ እስከ መጨረሻው ይጠሩልኛል። እኔም ክቡር ሚኒስትር እላቸዋለሁ።

በበጋው መገባደጃ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መነጽር፣ ቀጥሎ የሚስታቸው መሞት። አንድ ቀን ጫማቸውን ሳስርላቸው፣ «የማገለግለው የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነበር?» አሉኝ።

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። «ፓስተር አይደሉም፤ ሚኒስትር ነዎት። የመረቡን ቀዳዳ ያሰፉ።»

ትዝታው ተመለሰላቸው፤ ሲመለስላቸውም ፈሩ። «ሁሉም ሲለኝ እኔም አምናለሁ» አሉ። ከዚያ እጄን ያዙ። «እባክሽ፣ አንቺ አስታውሺኝ። ሌላ ሰው ሆኜ መሞት አልፈልግም።»

«አደራዎን ተቀብያለሁ» አልኩ በአማርኛ። ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ማስረዳት አቅቶኝ እጃቸውን ጠበቅ አደረግኩ።

የታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓላቸው ዕለት ምሳ ቤቱ ሞላ። የነዋሪዎቹ ቤተሰቦች መጥተዋል። የሳቸው ልጅ የባሏ ቤተሰቦች ዘንድ ስለሄደች የመጣላቸው የለም። ሥራ አስኪያጇ ብርጭቆዋን በሹካ ነካ ነካ አድርጋ፣ ሬቨረንዳችን ማዕዱን ይባርኩልን አለች። ሽማግሌው ተነሱ። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ላይ አሳረፉ። ምንም አልመጣላቸውም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፣ የቱርኪው ሥጋ ይቀዘቅዛል፣ እሳቸው በዓይናቸው እኔን ይፈልጋሉ።

ትሪዬን እንደያዝኩ ጠጋ ብዬ «ክቡር ሚኒስትር» አልኳቸው።

ወገባቸው ቀና አለ። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ፣ ጠንካራ ድምፅ ከአፋቸው ወጣ። «እኔ የዓሣ አጥማጆች ልጅ ነኝ» አሉ። «መረባችንን አጥብበን ባሕሩ የሰጠንን ሁሉ ጠራርገን ወሰድን፤ ትንሿን እንኳ አላስተረፍንም። ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉት ያልኩት ሰው እንዲራብ አልነበረም። ትንሿ እንድታልፍና እንድታድግ ነበር። በዚህ ምክንያት ወንድሜን አጣሁ። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ አደርጋለሁ። ወንድሜን ግን ይቅርታ እለዋለሁ።»

ዓመታት ሲጠብቁት የነበረው ንግግር ያ ነበር፤ እኔ አወቅኩት። የቤቱ ሰው ግን ስለ ዓሣና ስለ መረብ ሲሰማ ወንጌል ነው የመሰለው። ሴቶች ናፕኪናቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኤሜን!» አለ።

«ይሰማ! ይሰማ!» አልኩ እኔ። በኤሜኑ ጩኸት ድምፄ ተዋጠ። ያቺ የአገሬ ልጅ ክንዴን ይዛ፣ «እንዲህ ያለ ስብከት ሰምቼ አላውቅም፣ ሙች» አለችኝ።

ወደ ክፍላቸው ስወስዳቸው፣ «ሕጉ አለፈ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልፏል፣ ክቡር ሚኒስትር።»

ክረምቱን በሙሉ አደራዬን ጠበቅኩ። ከግሌንዴል በበረዶ እየነዳሁ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ገብቼ ክቡር ሚኒስትር እላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ፈገግ ይላሉ፤ እየቆየ ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ስላቸው፣ ማን ገባ ብለው ወደ ኋላዬ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«መረቡስ?» አልኳቸው፤ አንድ ጣቴን አቆምኩላቸው። «ቀዳዳውስ?»

ጣቴን በደግነት አዩ። «አዎን፣ ሐዋርያቱ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ» አሉኝ።

አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ፤ ጫማቸውን ላደርግላቸው ነበር፣ ጫማውን ግን አላነሳሁትም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና በለሆሳስ ባረኩኝ። ምን እላለሁ? አሜን አልኩ።

እንባዬን አዩት። «ለማን ነው የምታለቅሺው፣ ልጄ?»

«ለማውቃቸው አንድ ሚኒስትር» አልኳቸው።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉኝ።