የአሌክሳንድሪያው ሐኪም ለቅሶ

እናቴ ከአገር ቤት ፈረንጅ አገር እኔ ጋ በመጣች በሦስተኛው ወር ሻንጣዋን አሰረች። «ጎረቤት ይሙት ይኑር የማይታወቅበት አገር አልቀመጥም» አለች። ሐሙስ ልትበር ነው። እኔ ደግሞ እንድትቀር እፈልጋለሁ፤ ልጆቼን ስለምትይዝልኝ ብቻ አይደለም፣ ስትናፍቀኝ ስለኖረች ነው።

ሰኞ እረፍቴ ስለነበር ከአፓርታማችን ሁለት ፌርማታ ወዳለው ወደ አሌክሳንድሪያ አሮጌው ሰፈር ወሰድኳት። እዚያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ስለኖረበት ታዋቂ ሰው የሚያወራ የነሐስ ጽሑፍ አለ። ዳኛውንም፣ የመርከብ ነጋዴውንም እያነበብኩ ተረጎምኩላት። ዓመቱን ግን እዘላለሁ። ነገሩ ሁለት መቶ ዓመት እንዳለፈው ካወቀች «ለዚህ ነው በብርድ የምታንከራትተኝ?» ማለቷ አይቀርም።

አንድ የጡብ ቤት ጋ ስንደርስ «ይሄ ደግሞ ድሆችን በነጻ ሲያክም ኖሮ እዚሁ ያረፈ የአንድ ሐኪም ቤት ነው» አልኳት። እናቴ በሩን አየችው። ፈረንጆች ለገናቸው የሚሰቅሉት የጥድ ጉንጉን ተንጠልጥሎበታል። እሷ የምታውቀው ጉንጉን መቃብር ላይ የሚቀመጠውን ነው።

«ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ» ብላ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። «እማዬ፣ ቆይ እንጂ» ስል ደረጃውን ወጥታ አንኳኩታለች።

አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከፈቱ። እናቴ እጃቸውን ይዛ «እግዜር ያጽናዎት» እያለች እንባዋን ዘረገፈችው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። ቤትዎ አምሯት ነው ልል ቃጣኝ፤ በቤት ማማር የሚያለቅስ ግን አይቼ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እስኪያድርም አልጠበቀ። እያፈርኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። «የቅድመ አያቴ አያት ነው» አሉ። «እዚህ በር ላይ ቱሪስት ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚጠይቁኝ ግን ስለ ጡቡ ነው። ለእሱ ያለቀሰ ሰው ዛሬ ማየቴ ነው።» አስገቡን።

ሻይ እስኪቀርብ ለእናቴ ዓመቱን ነገርኳት። ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ የአርባ ዓመት ሰው ነኝ። ነጠላዋን ግን አላስተካከለችም።

ቆይታ «እስቲ ጠይቅልኝ» አለች፤ «ተዝካሩ ወጥቷል?»

ለነፍሱ ተደግሶ ድሀ የሚበላበት ነው ብዬ ለሴትዮዋ አስረዳሁ። «ማንም አላሰበውም» አሉ።

እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «በል የሐሙሱን ትኬት አስቀይረው» አለችኝ። «ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ተዝካሩ ያልወጣ ጎረቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ?»