«ይቅደሙ» የሚሉት እናት

«ልቤ ቀስ በል እንጂ፣ ሩቅ ነው መንገዱ…»

የልብ ክሊኒኩ ነርስ ይህችን ስንኝ ሁሌ ታንጎራጉራለች፤ ተከታይዋ ግን ከጠፋቻት ቆየች። ያን ቀንም እያንጎራጎረቻት ምሳዋን ልትበላ ስትወጣ፣ አግዳሚው ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ እናት አየች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ «ይቅደሙ፣ የእኔስ ጨጓራ ነው» እያሉ ተራቸውን ይለቃሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። አጠገባቸው አንድ ሰውዬ «ተራዬ ዘገየ» ብለው ይቆጣሉ።

«እናቴ፣ ይነሱ፤ እንግባ።»

«ኧረ ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ተቆጥተዋል፤ እሳቸው ይግቡ።»

«እሳቸው ለመቆጣት የሚበቃ ትንፋሽ አላቸው። እርስዎ ‹ይቅደሙ› ለማለት እንኳ አጥሮዎታል።»

ሰውዬው ሳቃቸው አመለጣቸውና መንገድ ለቀቁ።

የልብ ምርመራው ሕመሙ የጨጓራ ሳይሆን የልብ መሆኑን አሳየ። ሐኪሙ ሮጦ ደረሰ፤ ለእናትየዋ መድኃኒት ተሰጣቸው። ሕመሙ ሲለቃቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ዘፈንሽን ቆርጠሽ ተውሽው እኮ፣ ልጄ። ‹እኛም እንደርሳለን፣ ሌሎቹ ቢሄዱ› ነው የሚለው።»

ነርሷ ደስ ብሏት ወደ ዘበኛው ሄደች። «ከዛሬ ጀምሮ ተራውን የሚለቅ በሽተኛ ካየህ፣ መጀመሪያ እኔ ጋ አምጣልኝ።»

«ይህን ከሰሙ ሁሉም ይለቃሉ።»

«ይልቀቁ፤ ግፊያው ይቀርልናል።»

ከዚያም ሙሉውን ስንኝ እያዜመች ተቀመጠችና የቀዘቀዘ ምሳዋን ከፈተች።