መምህር ካሶንዴ ሹፌር የሆኑ ጊዜ

መምህር ካሶንዴ የሉዋንሻን ትምህርት ቤት ለቀው የከባድ መኪና ሹፌር ለመሆን ሲወስኑ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፎ ነበር። ያስወሰናቸው ረሃብ አይደለም፤ የሚስታቸው የፌሊስታስ ምላስ ነው። የፌሊስታስ ታናሽ እህት ሹፌር አግብታ ነበር። በአንድ ሠርግ ላይ፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ፌሊስታስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የእህቴ ባል ከደርባን ሲመለስ ምንጣፍና ፍሪጅ ጭኖ ይመጣል። የእኔው ይዞልኝ የሚመጣው በጠመኔ የነጣ ኮት ነው፤ እሱንም እንዳጥብለት» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። መምህሩም አብረው ሳቁ። በሳምንቱ መንጃ ፈቃድ ከሚያወጡ ጎረምሶች ጋር ተሰልፈው ታዩ።

እኔ እዚያው ሰፈር ነው ያደግሁት። የተቀጠሩትም እኔ በምነዳበት ድርጅት ስለነበር የሆነውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

መምህር ካሶንዴ ክፉ አስተማሪ ነበሩ። ሰነፍ አይደሉም፣ ጠጪ አይደሉም፤ ክፉ ነበሩ። አንዲት የላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ነበረቻቸው፤ መዳፉን ዘርግቶ እሷን ያልቀመሰ የሉዋንሻ ልጅ ጥቂት ነው። ከሁሉ አብዝቶ የቀመሳት ዌቢ የሚባል አባቱ የሞተበት ልጅ ነበር። ማንበብ እምቢ አለው። «ያንተ ጭንቅላት ጎማ ነው፤ ሲመቱት ይነጥራል እንጂ የሚገባው ነገር የለም» ይሉና ከፊት አቁመው ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ጎማ!» እንዲለው ያደርጋሉ። ዌቢ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ተወ። ስሙ ግን አልተወውም። ጋራዥ ሲገባም ጎማ፣ ሹፌር ሲሆንም ጎማ፣ ሲያገባም ጎማ ነበር።

ድርጅታችን አዲስ ሹፌር ሲቀጥር ብቻውን መኪና አይሰጠውም፤ መጀመሪያ ከአንድ ነባር ጋር ይመላለሳል። መምህሩ ክራባታቸውን አስረው፣ ሱሪያቸውን ተኩሰው ግቢ የገቡ ቀን የድርጅቱ ባለቤት ዙሪያውን ቃኘና፣ «ዌቢ፣ እኚህን አዛውንት አንተ ውሰዳቸው» አለ።

ዌቢ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ለታላቅ እንደሚደረገው መዳፉን ቀስ እያደረገ አጨበጨበ። «መምህር! እንኳን ደህና መጡ። አስታወሱኝ?»

«የተማሪ ብዛት፣ ልጄ… መልክህ አዲስ አልሆነብኝም።»

«ግድ የለም። እኔ አስታውስዎታለሁ።» ከጋቢናው መዶሻ አወጣና በሁለት እጁ አቀበላቸው። «ሥራ የሚጀመረው ጎማ ከመፈተሽ ነው። እያንዳንዱን ይምቱ። ሲመቱም ስሙን ይጥሩ፣ እኔ እንድሰማ።»

መምህሩ የመጀመሪያውን መቱ። አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«አልተሰማም!»

«ጎማ።»

«ጮክ ይበሉ፣ መምህር! ከኋላ ያሉት አልሰሙም!»

ሹፌሩ፣ ጠጋኙ፣ ዘበኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበባቸው። መምህሩ መኪናውንና ተሳቢውን «ጎማ! ጎማ!» እያሉ፣ ክራባታቸው ቅባት እየነካው ዞሩ። ሰው በሳቅ ሆዱን ያዘ። ዌቢ ብቻ አልሳቀም። የመጨረሻውን ሲመቱ የጋቢናውን በር ከፈተና፣ «በል ግባ» አላቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታ ቀረ።

ጭነታችን ወደ ደቡብ የሚሄድ መዳብ ስለነበር እኔ በሌላ መኪና ከኋላቸው እከተል ነበር። ካፉዌ ስንደርስ የሙሶንዳ እናት ምግብ የምትሸጥበት ዛፍ ስር ቆምን። ዌቢ ንሺማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ እየጠቀለለ፣ በደረቅ ዓሣ እያጠቀሰ፣ መምህሩን ከፊቱ አቁሞ ይጠይቃል።

«ቁልቁለት ላይ ማርሽ የሚቀነሰው መቼ ነው?»

«ፍጥነቱ ሲጨምር።»

«ስህተት። እጅህን።»

ከመቀመጫው ስር የአየር ፍሬን ቱቦ ቁራጭ ነበረው። መምህሩ መዳፋቸውን ዘረጉ። እኔ የገረመኝ የእሱ መምታት አይደለም፤ የእሳቸው አዘረጋግ ነው። እጃቸው ቦታውን የሚያውቅ ይመስል ነበር። ቱቦዋ ስታርፍ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» አሉ።

«አንተ መልሱን ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

የሙሶንዳ እናት ጭልፋዋን ጣለች። «አንተ ባለጌ! አባትህ የሚሆኑ ሰው እኮ ናቸው!»

«አባቴ ቢኖር ኖሮ ይህ ሰው እጄን ባልነካው ነበር፣ የሙሶንዳ እናት። ዓሣ ጨምሪልኝ።»

«ተይው እናቴ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ።

ዌቢ ሲሄድ ጠጋ ብዬ፣ «መምህር፣ ለምን አይመለሱም? ትምህርት ቤቱ ይቀበልዎታል» አልኳቸው።

«የት ልመለስ? የምኖርበትን የትምህርት ቤቱን ቤት ለሌላ አስተማሪ ሰጡት። ፌሊስታስም አዲስ መጋረጃ አዝዛለች።» መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ አሻሹና ምግባቸውን ቆመው በሉ።

ወደ ቺሩንዱ ድንበር የሚወርደው ቁልቁለት ራስ ላይ ስንደርስ ዌቢ መኪናውን አቆመ። ወርዶ ሲዞርና መምህሩ መሪውን ሲይዙ አየሁ። መስኮቴን ከፈትኩ።

«ዌቢ! አብደሃል? እኚህ ሰው ገና ሜዳ ላይ አልለመዱም!»

«ፈተና ነው!» አለኝ እየሳቀ። «ፈታኝ ዝም ይላል፤ አንተም ዝም በል!»

ጋቢናው ውስጥ የተደረገውን ኋላ ሆስፒታል ተኝቶ የነገረኝ ራሱ ዌቢ ነው። መምህሩ ቁልቁለቱን የጀመሩት በሜዳ ማርሽ ነው። ጥቂት እንደወረዱ ፍሬኑ ሸተተ።

«ልቀንስ?»

ዌቢ በመስኮት ጫካውን ያያል።

«ዌቢ፣ ልቀንስ ወይ? ልጄ፣ ተናገር!»

«አንድ ጊዜ ለምኖኝ፣ ሁለተኛም እስኪለምነኝ ጠበቅሁ» አለኝ። «ሁለተኛውን ሲለምነኝ ማርሹ አልገባም አለ።»

እኔ ከኋላ ሆኜ ጭሱን አየሁ። ተሳቢው ሲወዛወዝ፣ መኪናው ጠመዝማዛውን ስቶ ከተቆረጠው ተራራ ጋር ሲጋጭ፣ መዳቡ እንደ ወረቀት አስፋልቱ ላይ ሲበተን አየሁ። መኪናዬን አቁሜ በእግሬ እየሮጥኩ እስክደርስ የዚያ ጫካ ከሰል አክሳዮች ቀድመውኛል። ስለ ሰው የጠየቀ የለም። አንዱ ነዳጁን በጀሪካን ይቀዳል፣ ሌላው ባትሪውን ይፈታል፣ ሴቶቹ ሸራውን ይጠቀልላሉ። መምህሩ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ትከሻቸው ወርዷል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ጫማቸውን የወሰደው ሰው ገና አልራቀም፤ ቆሞ እየለካው ነበር።

«ዌቢስ?» አልኳቸው።

አዩኝ። ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው መለሱ።

ድምፁን ያን ጊዜ ሰማሁት። ከተጨፈለቀው ጋቢና ውስጥ፣ «መምህር! እግሬን! መምህር፣ ያለሁት እዚህ ነኝ!» ይላል። እየጮኸ የቆየ ሰው ድምፅ ነው፤ ሻክሯል። መምህሩ የተቀመጡት ደግሞ እጅ ቢዘረጉ በሩን ከሚነኩበት ቦታ ነው።

«አይሰሙም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እሰማለሁ» አሉ።

በብረት በሩን ፈንቅዬ፣ ከኋላ ከደረሱ ሹፌሮች ጋር አወጣነው። ሆስፒታል እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ሰብስቦን፣ «ማን ነበር የሚነዳው?» ሲል መምህሩ ትከሻቸው በፋሻ እንደታሰረ ተነሥተው፣ በዚያ ክፍል ፊት ቆመው በሚናገሩበት ጥርት ባለ ድምፃቸው፣ «ዌቢ ነበር። አስጠንቅቄው ነበር፤ አልሰማኝም» አሉ።

እኔ እዚያው ተነሣሁ። «ውሸት ነው! ሲቀያየሩ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ባለቤቱ ወደ ቢሮው ጠራኝ፤ በሩንም ዘጋ። «ስማኝ ወንድሜ። ለማጅ ነበር የሚነዳው ካልኩ መድን ሰጪው ስባሪ ሳንቲም አይሰጠኝም። ዌቢ ነበር ካልኩ አዲስ መኪና እገዛለሁ። እግሩ በሁለቱም አይበቅልም። ገባህ?»

«ዌቢስ ምን ይበላል?»

«እናት አለችው አይደል?»

የመድን ሰዎቹ ሲመጡም ያየሁትን ነገርኳቸው። ጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልጠራኝም። ዌቢ በቸልተኝነት ተባረረ። ሚስቱ ጥቂት ወር አስታማ ወደ ወላጆቿ ሄደች። እሱም ወደ ሰሜን፣ እናቱ ወዳለችበት ወደ ምፒካ ገጠር ተጫነ። በአዲሱ መኪና ላይ መምህር ካሶንዴ ተመደቡ። ባይመስልም ጎበዝ ሹፌር ወጣቸው። ቁልቁለት እንደ እሳቸው የሚወርድ የለም፤ ገና ከአናቱ ማርሹን ቀንሰው፣ እንደ ቀብር ሸኚ ቀስ ብለው ነው። ፌሊስታስ መጋረጃዋን ሰቅላ፣ በየሠርጉ «የእኔ ባል» እያለች ታወራለች።

ባለፈው ክረምት ለሁለታችን አንድ ወደ ሰሜን የሚሄድ ጭነት ደረሰንና በአንድ መኪና ተጓዝን። ምፒካ ስንደርስ መምህሩ ከዋናው መንገድ ወጡ። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኋቸውም። አንዲት የሣር ቤት ደጅ ቆሙና የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ተሸክመው ወረዱ።

የዌቢ እናት ቀጭን አሮጊት ናት። የመጣው ማን እንደሆነ አታውቅም። «ከዌቢ ጋር እሠራ ነበር» አሏት። መሬት ላይ ተንበርክካ አጨበጨበች። «እግዚአብሔር መንገድህን ይጠብቅ! ከነዚያ ሁሉ ሹፌሮች አንድ ሰው አልጠየቀውም። ያ ሽማግሌ መኪናውን ገልብጦ ልጄን እንዲህ አደረገው፤ አንተ ግን አስታወስከው። ስምህ ማነው፣ ልጄ?»

መምህሩ፣ «ቺቡዬ» አሏት። የራሳቸው አይደለም፤ የማንም ስም ነው።

ከቤቱ ውስጥ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ዌቢ በሩን ተደግፎ ቆመ። ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። መምህሩን አያቸው፤ ጆንያውን አየ፤ እናቱን አያት።

«ዌቢ፣ ና ሰላም በላቸው እንጂ!» አለችው። «ዱቄት አምጥተውልን እኮ ነው። እነሆ፣ ከትናንት ጀምሮ…» አልጨረሰችውም፤ ሳቀች።

ዌቢ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እውነቱን ያወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«እግዜር ይስጥልን በያቸው፣ እማዬ» አለና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

እናቱ አላስኬደን አለች። ባዶ እጅ እንግዳ አይሸኝም ብላ፣ ለዘር ካስቀመጠችው ኦቾሎኒ አፍሳ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻቸው። ተቀበሉ። መኪናው ውስጥ ገብተን ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ቋጠሮውን ጉልበታቸው ላይ ፈቱና በአንድ እጅ እየፈለፈሉ መብላት ጀመሩ። ለእኔም ዘረጉልኝ።

«ብላ» አሉኝ። «ጥሩ ኦቾሎኒ ነው።»

ርቦኝ ነበር፤ በላሁ።