ቡዳ አምባ በሙሉ ድምፅ

አልታየች አፈር የምትመርጠው በምላሷ ነው። ከገደሉ ሥር ትቆፍርና ቅንጣት ታህል ምላሷ ላይ ታስቀምጣለች። ጎምዘዝ ካለ ትተወዋለች፤ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ልስልስ ያለ፣ ዝም ያለ ጣዕም ካለው በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። አርባ ዓመት እንዲህ ኖራለች። በመካነ ሰላም የሠርግ ወጥ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም።

የሚገርመው፣ ያንን ድስት የሚገዙት ሰዎች እጇን አይጨብጡም። መሬት ላይ እንድታስቀምጠው ይነግሯታል፤ እጇን ስታነሣ ያነሡታል። ሕፃን የታቀፈች እናት በፊቷ ስታልፍ ዓይኗ እንዳያርፍበት ልጇን በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ይባላል። ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉዎች ቢሆኑ ባልገረመ ነበር። ጾም የማይገድፉ፣ ሶላት የማያሳልፉ፣ ለእንግዳ አልጋቸውን የሚለቁ ሰዎች ናቸው።

ሰፈሯ ከከተማው ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ያለች አሥራ አንድ ቤት ናት። የሚኖሩባት ቀይ አፈር ይሏታል። ሌላው ሁሉ ቡዳ አምባ ይላታል።

አልታየች አንዲት ልጅ ወልዳለች፤ ሙሉሐረግን። ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ላይ አንድ ቀን ግንባሯ ደምቶ ከትምህርት ቤት መጣች። ልጆቹ ጅብ ትሆን እንደሆነ ለማየት በድንጋይ መትተዋት ነበር።

"አልሆንኩም እኮ እማ!" አለች፤ የምሥራች እንደምትናገር ሁሉ።

በዚያው ሳምንት አልታየች ልጇን ይዛ በእግሯ ወደ ከላላ ከተማ ወረደች። እዚያ ቦጋለች የምትባል ልጅ ያልወለደች ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ጋኗን ሁልጊዜ ከአልታየች ነው የምትገዛው።

"አሳድጋታለሁ" አለች ቦጋለች። "በባሌ በኪዳነማርያም ስም ትጠራለች። ግን ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እናቷ አይደለሽም። መንገድ ላይ ብታያት አትጠሪያትም። ሰው ካወቀ እሷም አለቀላት፣ የእኔም ጠላ ደጅ ይፈሳል። ማይልኝ።"

"እሺ ብያለሁ። የእኔን መሐላ ደግሞ ማን ያምናል?"

ሙሉሐረግ ኪዳነማርያም ተማረች፤ ተመረቀች። ሥራ ስትመደብ ዕጣዋ ከአገሩ ሁሉ መካነ ሰላምን አወጣላት፤ ያውም ቡዳ አምባን የሚያስተዳድረውን ቀበሌ። ጸሐፊ ሆነች። የዚያችን የስድስት ዓመት ልጅ ያስታወሰ አልነበረም፤ ሁሉም የከላላ ልጅ ናት ብሎ ተቀበላት። በገበያ ቀን ከሸክላው ተራ ትደርስና አንዱን ድስት በጣቷ ታንኳኳለች።

"ይሄ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ጭስ ነክቶት ነበር፤ አሁን ለቆታል።"

አልታየችን ሳሉ እንደተሻላት ሙሉሐረግ የምታውቀው በዚህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከደሴ ሁዜይፋ የሚባል ወጣት መጣ። ማንም በስልኩ በነፃ የሚያየውና የሚያርመው የጋራ ካርታ አለ፤ የእሱ ሥራ በዚያ ካርታ ላይ የጎጦችን፣ የምንጮችንና የመንገዶችን ስም ማስገባት ነው። ደንቡ ስሙን የሚወስነው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ነው ይላል፤ ከየጎጡም ተወካይ መኖር አለበት። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢሻው በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልታየችን ወደ አዳራሹ ጠራት።

አልታየች ስለ ካርታው ስትሰማ ሁለት ቀን ሸክላ አልነካችም። ለጎረቤቶቿ እንዲህ አለች፦ "በአፍ ያለ ስም ከባለአፉ ጋር ይሞታል። የተጻፈ ግን ማን ይቀብረዋል? ቀይ አፈር ተብሎ ቢጻፍ፣ ከዚህ የወጣ ልጅ አንድ ቀን የት ተወለድክ ሲባል የሚመልሰው ቃል ይኖረዋል።" ስለ የትኛዋ ልጅ እንደምትናገር ጎረቤቶቿ ሁሉ ያውቃሉ፤ ማንም ግን ስሟን አላነሣም።

በስብሰባው ቀን አልታየች ከበሩ አጠገብ ቆመች። ሙሉሐረግ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አጠገቧ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ዋለ ነበሩ። ዱዓ ተደረገ፤ አሚን ተባለ።

"ያ ጀማዓ፣ ይህ ካርታ የመንግሥት አይደለም፤ የእኔም አይደለም" አለ ሁዜይፋ። ፊቱ ያበራ ነበር። "የእናንተ ነው። እኔ ከላይ የምጭነው ስም የለም። የተስማማችሁበት ይገባል። አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ግን ያ ቦታ ሳይጻፍ ይቆያል፤ የሁሉም ጎጥ ስም ካልተሟላ ደግሞ የቀበሌው ካርታ አይከፈትም።"

የሌሎቹ ጎጦች ስም በሳቅና በቀልድ አለቀ። የመጨረሻው ሲደርስ ቢሻው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቡዳ አምባ።"

"ቀይ አፈር ነው ስሙ" አለች አልታየች።

አዳራሹ ዞረ። ፊት ያሉት ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"ማነው ቀይ አፈር የሚለው?" አሉ ዋለ።

"እኛ።"

"እናንተ ስንት ናችሁ? አሥራ አንድ ቤት። እኛስ?" ወደ ሁዜይፋ ዞሩ። "ልጄ፣ አምቡላንስ ነጂ ቀይ አፈር ብሎ ቢጠይቅ ውሻም አያሳየውም። ቡዳ አምባ ካለ ግን ሕፃኑ ሁሉ ይመራዋል። ለእነሱው አስበን ነው እኮ!"

"ወላሂ፣ ቀይ አፈር ቢባል ማን ይሞታል?" አለች ፈይዛ፣ ሱቅ ያላት። "ይቀየርላቸውና እንገላገል።"

"ፈይዛ፣ ድስትሽን ከእሷ ነው የምትገዢው። እጇን ጨብጠሽ ታውቂያለሽ?" አሉ ዋለ።

ፈይዛ የሻሿን ጫፍ አስተካከለች።

"እማማ፣ ስምዎት ማነው?" አለ ሁዜይፋ፣ ነገሩን ሊያለዝብ።

"አልታየች።"

"ስሟ አልታየች ነው" አሉ ዋለ፤ "የምታየው ግን እኛን ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ቀላልና ደስ የሚል ነበር፤ እንደ ሠርግ ቤት ሳቅ። ሁዜይፋም ቀልዱ ሳይገባው ፈገግ አለ። ሙሉሐረግ አልሳቀችም። እየጻፈች ነበር፤ የምትጽፈው ግን አልነበረም።

ቢሻው ድምፅ ጠየቀ። ለቀይ አፈር አንድ እጅ ወጣ፤ በአፈር የተሰነጣጠቀ እጅ። ለቡዳ አምባ አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። ፈይዛም አነሣች፤ ዓይኗን ወደ ጣራው አድርጋ።

"ተቃውሞ ስላለ ይቆያል" አለ ሁዜይፋ።

አልታየች ትንፋሿን ለቀቀች። ባዶ ይሁን፤ ባዶም ጥሩ ነው። ከዚያ ቃል ባዶ ይሻላል።

"ቆይ፣ ጸሐፊዋስ?" አሉ ዋለ። "እጅሽ የት አለ ልጄ?"

"እኔ ቃለ ጉባኤ ነው የምይዘው።"

"ቃለ ጉባኤ የሚይዝ እጅ አያወጣም ያለ ማነው? ወይስ ዘመዶችሽ ናቸው?"

እንደገና ሳቁ። ዋለ ቀልደው ነው፤ ከቀልድ በቀር ምንም አላሰቡም። ሙሉሐረግ ግን እስክሪብቶዋን መዝገቡ ላይ አስቀመጠች። ከንፈሯ ነጣ። ቀስ ብላ ከአግዳሚው ተነሣችና አፏን ከፈተች።

አልታየች ያንን ፊት ታውቀዋለች። ከደማው ግንባር በታች ያየችው ፊት ነው፤ እውነቱን ሊናገር የተዘጋጀ።

"እስማማለሁ!" ብላ ጮኸች ከበሩ። "ቡዳ አምባ ይባል። እኔም እስማማለሁ።"

እጇንም አነሣች። ሁለቱንም እጇን አነሣች፤ አንዱ የማይበቃ መስሏት።

"አያችሁ!" አለ ቢሻው። "ባለቤቷ ራሷ ተስማማች። አሁንስ ምን ቀረ?"

የቀረችው ሙሉሐረግ ብቻ ነበረች። እናቷን ተመለከተች። አልታየች በዓይኗ አንሺ አለቻት፤ ያ ይበላል የተባለው ዓይን ለመነ። ሙሉሐረግ እጇን እስከ ትከሻዋ አነሣችና ተቀመጠች።

ተጨበጨበ። ሁዜይፋ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። በየወረዳው ዞሮ እንዲህ ያለ መግባባት አላየም፤ በቀጥታ ከስልኩ አስገባው። ቡዳ አምባ የሚለው ጽሑፍ ከአሥራ አንዱ ቤት ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰዎቹ የራሳቸውንም ጎጥ እያጎሉ እየፈለጉ እንደ ልጅ ተደሰቱ። አልታየች ጋ ሳይደርስ ተመለሰ።

"ቃለ ጉባኤው ተነብቦ ይጽደቅ" አለ ሁዜይፋ። ሙሉሐረግ ቀና ሳትል መዝገቡን ሰጠችው። እሱም ቆሞ አነበበ፦

"የቀበሌው ነዋሪዎች በተገኙበት፣ የጎጡ ተወካይ ወይዘሮ አልታየች አወቀም ሙሉ ፈቃዳቸውን በመግለጽ፣ የጎጡ ስም ቡዳ አምባ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ…" ቆም አለ። "እማማ፣ የአባትዎን ስም ሳልጠይቅ መቅረቴ አሳፍሮኝ ነበር። አወቀ ነው? ልክ ነው?"

አልታየች ልጇን አየች። ሙሉሐረግ እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

"አይደለም" አለች አልታየች። "ተሳስታ ነው።"

"ታዲያ ማን ልበል?"

አልታየች ሌላ ስም ፈለገች። ዓለም ስንት ስም አለው! አንድም አልመጣላትም።

"አወቀ ነው እንጂ" አሉ ዋለ ቀስ ብለው። "ጋን ሠሪው አወቀ። ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኔ አውቀዋለሁ።" የቀልዱ ለዛ ከድምፃቸው ጠፍቷል። "ለከላላ ሰው ማን ነገራት?"

ዋለ በር ላይ የቆመችውን ሴት አዩ፤ ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠችውን። ግንባሯን አዩ፤ አገጯን አዩ። ጋቢያቸውን እንዳይነካት ወደ ጭናቸው ሰብስበው ከአግዳሚው ተነሡ። ከእሳቸው ቀጥሎ የነበረውም ተነሣ። ከእሱ ቀጥሎ የነበረችው ሴት ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና ተነሣች።

ሁዜይፋ መዝገቡን እንደያዘ ግራ ገባው።

"ያ ጀማዓ፣ ወዴት ነው?" አለ። "ገና ፊርማ ይቀረናል እኮ።"