ቋጠሮው ያልተፈታ ድልህ

አክስቴ ያን ሁሉ ቲማቲም የምታስቀምጥበት አንድ ጠርሙስ እንደሌላት እያወቀች ለምን ቀቀለችው? ታናሽ እህቷ ናትና ታውቃለች ብዬ እናቴን ጠይቄያታለሁ። «እኔ ምኑን አውቄ» አለችኝ።

አክስቴ ሃያ ሰባት ዓመት የሆስፒታል አንሶላና የሐኪም ጋውን ሰፍታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሥራ ቦታ «ቋጠሮ» ይሏት ነበር። የታጠፈውን አንሶላ በጨርቅ ቅዳጅ ሁለት ዙር ጠምጥማ ታስረዋለች፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ከእሷ በቀር በእጁ የሚፈታው ሰው አልነበረም፤ ነርሶቹ በመቀስ እየቆረጡ ይረግሟት ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ጓሮውን በሙሉ ቲማቲም ተከለችበት። አንድ ልጅ አለቻት፤ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

በየዓመቱ ቲማቲሙ ሲደርስ አክስቴ በፈላ ውሃ ነክራ ልጣጩን ትገፋለች፤ ፍሬውን በወንፊት ታጠልላለች፤ ከጨው ጋር ታንተከትከዋለች። ሰሃን ላይ ጠብ ስታደርገው ሳይፈስ ባለበት ከቆመ በስሏል ማለት ነው። ከዚያ ድልሁን ጠርሙስ ውስጥ ትከትና ዘይት ታፈስበታለች፤ ክዳኑን ከላይ በጨርቅ ታስረዋለች። ጨርቁ ዓመት ከዓመት ይለያያል፤ አንዱን ዓመት አረንጓዴ የጋውን ቅዳጅ፣ አንዱን ነጭ አንሶላ፣ ዓምና ደግሞ አበባማ የመጋረጃ ቁራጭ። የተሻለውን ሁሉ ለልጇ ትልካለች።

ልጅቷ ደውላ እንዳንቺ ድልህ የትም የለም፣ ጠርሙሱን ጠርጌ ነው የጨረስኩት ስትላት፣ አክስቴ ያን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ ሳትናገር አታድርም። ባዶዎቹን ጠርሙሶች ግን ልጅቷ «በሚቀጥለው ጊዜ» እያለች መልሳ አታውቅም።

ዘንድሮ ቲማቲም ፍየል እንኳ ፊቷን እስክታዞርበት ድረስ ተትረፈረፈ። ገበያ የወሰደ ሁሉ እንደተሸከመ ይመለሳል። የአክስቴም ጓሮ አሥራ አንድ ሳጥን ሰጠ፤ ሳጥኖቹ ኮሪደሩን ሞልተው አልጋዋ ሥር ገቡ። ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው ሹፌር፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ዘንድሮስ ቲማቲሙ ነው አንቺን የሚቀቅልሽ ብሎ ሳቀባት። «ድስቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ና ግባ» አለችው።

የቸገራት ጠርሙስ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቲማቲም ሲቀቅል አፈ ሰፊ ጠርሙስ ከየሱቁ ጠፋ። ስለዚህ ባዶዎቹን ከልጇ ቤት ልታመጣ፣ እናቴን አስከትላ በማለዳው አውቶቡስ ሄደች። ብነግራት ከሥራዋ ትቀርብኛለች ብላ አልደወለችም።

በሩን የከፈተላቸው የልጅቷ ባል ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሚስቱ በስልክ ለእናቷ የምትለውን አያውቅም። አክስቴ ለጠርሙስ መምጣቷን ስትነግረው ደስ ብሎት ደረጃው ሥር ያለውን ጓዳ ከፈተላት።

ሠላሳ ስምንት ጠርሙስ ተደርድሯል። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ አበባማ። ከኋላ ያሉት አረንጓዴዎቹ ጠቁረዋል፤ የአንዳንዱ ክዳን አብጧል። አክስቴ ተንበርክካ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰች። የተፈታ የለም፤ መቀስ የነካውም የለም። ሰውየው ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የእሱ ጨጓራ ቲማቲም እንደማይችል፣ ሚስቱም ለብቻዋ ማብሰል እንደሚታክታት፣ ልትጥለው ደግሞ አንጀቷ እንዳልቻለ እየተንተባተበ ሊያስረዳ ሞከረ። አክስቴ የጓዳውን በር መልሳ ዘጋችው።

«እኔ አላየሁም» አለችው። «አንተም አላሳየኸኝም።»

ማታ ልጅቷ ከሥራ ስትገባ እናቷን አቅፋ አለቀሰችም ሳቀችም። ሲረጋጉ አክስቴ ጠየቀቻት።

«የዓምናው እንዴት ነበር፣ ልጄ?»

«እሱማ ምን ይጠየቃል፣ እማዬ። ድሮ አለቀ።»

«ጨው አልበዛበትም?»

«ኧረ ልክ ነው። ጎረቤቶቼ በልተው ሊጨርሱብኝ ነበር እንጂ።»

«ባዶዎቹስ?»

ልጅቷ ባሏን አየችው፤ ባሏ ወለሉን ያያል። «ለሰው ሰጠኋቸው፣ እማዬ።»

«እንኳን ሰጠሻቸው» አለች አክስቴ።

አድረው በማግስቱ ሲመለሱ እናቴ መታገሥ አቃታት። እታለም፣ ለምን አትነግሪያትም፣ ሁለተኛ እንኳ በከንቱ አትልፊ ብላ ጎተጎተቻት። አክስቴ በመስኮቱ እያየች «ሆድ ይፍጀው» አለች። «ዝም አይነቅዝም።»

ቤቱ ሸትቶ ጠበቃት። የታችኞቹ ሳጥኖች ረስርሰው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባሉ። ሹፌሩ ጋሪ ላምጣና ለከብት አርቢው እንስጠው አላት፤ ያኔ አልቀለደም። አመስግናው በሯን ዘጋች።

ከዚያ ቀቀለችው። ሁለት ቀን ሙሉ ደህናውን ከበሰበሰው ለየች፤ ላጠች፤ አጠለለች፤ አማሰለች። ድስቱ ሲሞላ በሳፋ፣ ሳፋው ሲሞላ በባልዲ፣ በመጨረሻም በባሏ የቆርቆሮ ኩባያ ሳይቀር ገለበጠችው። እናቴ ልታግዛት ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ የቀሚስ ቅዳጅ በልኩ ተቆርጦ ተደርድሮ አየች። ቆጠረችው፤ ሠላሳ ስምንት ነው። የሚታሰርበት ጠርሙስ ግን አንድም የለም።

በአራተኛው ቀን ድልሁ አረፋ ደፈቀ። አክስቴ ማንንም ሳታስነካ፣ ሳፋውንም ባልዲውንም እየተሸከመች ጓሮ ቲማቲም ተክሎቹ ሥር ደፋችው። አንድ ባልዲ ሲቀራት ስልኩ ጠራ። ልጅቷ ናት፤ ድምጿ በሩ ድረስ ይሰማል።

«እማዬ፣ ዘንድሮም የኔን እንዳትረሺ።»

አክስቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«መጀመሪያ ያሰርኩት ያንቺን ነው» አለቻት።

የቀረውን ባልዲ ደፋች፤ አጠበችው፤ ግድግዳው ሥር ገልብጣ አስቀመጠችው። ቀን መተኛት የበሽተኛ ነው ስትል የኖረች ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። እናቴ ብርድ ልብስ ደርባላት አጠገቧ ተቀመጠች። አክስቴ ብዙ ሰዓት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ቆየች። እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።